በኡኖሳኪ መታጠፊያ የሚነፋው ጡሩምባ

ኡኖሳኪ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1997

ለወንድሜ ለዮሺሮ፣

ነፋሱ ዞሮ ከባሕሩ በኩል መንፈስ ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት ከጣቢያው ደጃፍ የምጠርገው አሸዋ እንጂ ቅጠል አይደለም። እናንተ ዘንድ፣ ብራዚል፣ ሙቀቱ ሊገባ ነው አሉ። ወቅቱ የተገለበጠበት አገር እንዴት ይዞሃል? ከእኛ በፊት ያረፉት የቤታችን ሰዎች ባለህበት ይጠብቁህ። እናትህ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል።

ለሰላምታ ብቻ እንዳልጻፍኩልህ መቼም ገብቶሃል። የናጊሃማ መስመራችን ሊዘጋ ነው። ኩባንያው ባለፈው ሳምንት አዳራሽ ሰብስቦ ነገረን። የመጨረሻው ባቡር የሚሄደው በመጋቢት መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ይተካል ተብሏል። ሽማግሌው ኦናዳ ብድግ ብሎ «ማዕበል ሲመጣ አውቶቡሱ በየት ሊያልፍ ነው? በእኔ ሳሎን?» ቢል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኩባንያው ሰዎች ግን ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ለሁሉም ነገር ጎንበስ ይላሉ። ጎንበስ ያለልህን ሰው ደግሞ መቆጣት ያስቸግራል።

ቲኬት የምቆርጥበትና የደረቀ ዓሣ የምሸጥበት መስኮትም አብሮ ይዘጋል። ለራሴ ግድ የለኝም። የሚያሳስቡኝ እናትህ ናቸው።

አጎቴ፣ አባትህ፣ የማታ ተራቸውን ሲጨርሱ ከቤታችሁ በላይ ያለው መታጠፊያ ጋ አንዴ አጠር አድርገው ጡሩምባ ይነፉ እንደነበር ታስታውሳለህ። እናትህም ያን ሲሰሙ ሩዝ ይጥዱ ነበር። ያልነገርኩህ ነገር ቢኖር፣ አጎቴ ካረፉ በኋላም ጡሩምባው አልቆመም። ከእሳቸው የተማሩት ነጂዎች ቀጠሉበት፤ ጡረታ ሲወጡም ለተተኪዎቻቸው አደራ ሰጡ። አሁን የሚነዳው ካጌያማ አጎቴን በዓይኑ አላያቸውም፤ ግን ሳይነፋ ያለፈበት ምሽት የለም። እናትህ ዛሬም ጡሩምባውን ሲሰሙ ሩዙን ይጥዳሉ፤ የአባትህንም ሳህን አውጥተው ያብሳሉ። ያ ድምፅ ሲቀር ምን እንደሚሆኑ አላውቅም።

አንተ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ባቡር የምታስተምር ሰው ነህ። ለኩባንያው አንድ ደብዳቤ ብትጽፍ ይሰሙሃል። ይህን ብቻ ለምኜሃለሁ።

የአጎትህ ልጅ፣ ኪኑዬ


ሳን ፓውሎ፣ ኅዳር 2 ቀን 1997

ለእትዬ ኪኑዬ፣

ከሩቅም ቢሆን እጅ ነስቻለሁ፤ አንቺም እናቴም በጤና ክረሙ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው የባሰ ተናደድኩ።

በመጀመሪያ ስለ መስመሩ። የሚዘጋው ኩባንያው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሚሳፈር ሰው ስለጠፋ ነው። እዚያ አዳራሽ ከነበራችሁት ውስጥ በባቡር የመጣ ማን ነው? ኦናዳ ራሱ በመኪናው እንደመጣ እወራረዳለሁ። ሰው ያልተጠቀመበትን ነገር ሊወስዱበት ሲሉ ብቻ «የእኔ ነው» ማለቱ ያንገሸግሸኛል።

ልበ ደንዳና አድርገሽ ግን አትዪኝ። ያን መስመር ከእኔ በላይ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ከአባቴ ጀርባ፣ መስተዋቱ ላይ አፍንጫዬን ደፍቼ ነው ያደግኩት። ነጩን ጓንት አጥልቆ እያንዳንዱን ምልክት በጣቱ እየጠቆመ «አረንጓዴ! ይሂድ!» ብሎ ይጮህ ነበር፤ የሚሰማው እኔ ብቻ ሆኜም። ቤት ገብቶም አይተውም፤ ከመተኛቱ በፊት ምድጃውን ጠቁሞ «ጋዝ፣ ዝግ!» ይላል፤ እናቴም ከፍራሿ ሆና «አፍ፣ ዝግ!» ትለው ነበር። በጠዋቱ የመጀመሪያው ባቡር ላይ ቆርቆሮ ሣጥን በጀርባቸው ያዘሉት ዓሣ ሻጭ ሴቶች ሲሳፈሩ እኛ ተማሪዎች አፍንጫችንን እንይዝ ነበር፤ እነሱም ሆን ብለው ይጠጉን ነበር። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላ በኩል የሰው ልብስ ማስጫ። የሠፈሩ ሴቶች የባቡሩን ድምፅ ሲሰሙ እርጥቡን ልብስ ሰብስበው ይቆሙልን፣ ስናልፍ መልሰው ይዘረጉት ነበር። እዚህ ሳን ፓውሎ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ተረት እየፈጠርኩ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ጡሩምባው ልመለስ። በደንቡ ጡሩምባ የሚነፋው ለማስጠንቀቂያ ነው። አባቴ ለሚስቱ መንፋቱ ጥፋት ነበር፤ ግን በሕይወት የነበረ ሰው ጥፋት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ መንፋት ግን አንዲትን አሮጊት በየምሽቱ ማታለል ነው። ሳህኑን አውጥታ ታብሳለች ትዪኛለሽ፣ እንደ ደህና ነገር! እናቴ ሟቹ ለእራት የሚመጣ ይመስላታል ማለት ነው። አእምሮዋ እየሸሸ ነው፤ እናንተ ደግሞ ከኋላ ትገፏታላችሁ። ይህንንም አባቴ ከሞተ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው የምሰማው።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ካሚዮ ከተማ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ ክፍል አስይዤላታለሁ፤ ሐኪሙ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ባቡሩ ከቆመ እሷን ሐኪም ጋ የሚያደርሳት የለም። መስመሩ ከመዘጋቱ በፊት እንድትገባ ዕቃዋን ሸክፊላት። ይህን ከአንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ዮሺሮ


ኡኖሳኪ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1997

ለወንድሜ ለዮሺሮ፣

ዓመቱ ሳያልቅ ልድረስብህ ብዬ ነው። ቤትህ ይሙቅ፣ ሥራህ ይቅናልህ፤ ቁጣህም ትንሽ ይብረድልህ።

ስለ መኖሪያው ለእናትህ አልነገርኳቸውም። አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ትናንት ቆርጬ ተነስቼ ነበር። ከላይ የሚመጣው ባቡር እስኪያልፍ ካጌያማ እኛ ጣቢያ ይጠብቃል፤ እናትህ በጨው የነከሩትን ነጩን የፍጁል ሥር ይዘውለት መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሚስት የለህም?» አሉት።

«እርስዎ እምቢ ካሉኝ ማንን ላግባ፣ እማማ?»

«እኔን ለማግባት ጥርስ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ይህን ፍጁል ቆርጥመህ አሳየኝ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ካጌያማም አፉን ሞልቶ ምልክቱን ጠቆመ፤ «አረንጓዴ» የሚለው ቃል በፍጁሉ መሀል እንዴት እንደወጣ ብትሰማ! እና አንተ እኚህን ሴትዮ አእምሯቸው ሸሽቷል ትለኛለህ።

አልዋሽህም ደግሞ። አንዳንድ ምሽት ጡሩምባው ካለፈ በኋላ በራቸውን ከፍተው ሐዲዱን ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። ምን እንደሚያዩ ጠይቄያቸው አላውቅም። ስለዚህ አንተ ልክ አይደለህም ልልህም አልችልም።

ለኩባንያው የምትጽፈው ነገር ይቅርብህ። ሌላ ልመና አለኝ፤ ለመጨረሻው ባቡር ና። ዕቃቸውን መሸከፍ ካለብንም ያኔ አንተው ራስህ ንገራቸው።

ኪኑዬ


ሳን ፓውሎ፣ ጥር 6 ቀን 1998

ለእትዬ ኪኑዬ፣

እንኳን ወደ አዲሱ ዓመት ተሻገራችሁ፤ የሩዝ ቂጣችሁን በሰላም በልታችሁ ከርማችሁ ይሆናል። እዚህ የጃፓን ሰዎች ሠፈር ተሰልፌ ገዛሁ፤ እንደ ላስቲክ ነው።

ለመጨረሻው ባቡር መምጣት አልችልም። የፈተና ወቅት ነው፣ የሚተካኝም የለም። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ እጽፍልሽ ነበር።

አትጻፍ የሚለው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለኩባንያው ከጻፍኩ በኋላ ነው። መስመሩን አትዝጉ ብዬ አልለመንኳቸውም፤ የማላምንበትን አልጽፍም። የጻፍኩት፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ በደንቡ፣ እንደ ባቡር ንዱት ብዬ ነው። የሚዘጋ መስመር ከሌላው ይልቅ ሥርዓት ይገባዋል። የጡሩምባውንም ነገር አንሥቻለሁ። እናቴ በዚያ ድምፅ እየተሳሳተች መሆኑን፣ በቅርቡም መኖሪያ እንደምትገባ ገልጬ እንዲያስቆሙት ጠይቄያለሁ። ቀስ በቀስ መልመዱ በአንድ ቀን ከመቋረጡ ይሻላታል።

ትቆጪኝ ይሆናል። አንድ ሰው ግን ስለ እሷ በግልጽ ማሰብ አለበት።

ዕቃውን መሸከፍ ጀመርሽ ወይ? ወፍራሙን የክረምት ልብሷን እንዳትረሺ።

ዮሺሮ


ኡኖሳኪ፣ የካቲት 8 ቀን 1998

ዮሺሮ፣

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ዕለት ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከባቡር ወረዱ። ለቀብር የመጡ መስለውኝ ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። አንደኛው አቶ ሱጋኑማ የሚባሉ የክፍል ኃላፊ ናቸው፤ በጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሣጥን ይዘዋል። የእናትህን ቤት ጠየቁኝ፤ እኔም መስኮቴን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

እናትህ አስገብተው ሻይ ቀዱላቸው። ሰውየው ተንበርክከው ሣጥኑን ገፋ አደረጉና እንዲህ አሉ፤ «እመቤት ኢሶቤ፣ ባለቤትዎ ካረፉ ጀምሮ ሠራተኞቻችን ከደንብ ውጭ በቤትዎ አጠገብ ጡሩምባ ሲነፉ ኖረዋል። በዚህም አእምሮዎን ስላወክን...»

«ምኔን?» አሉ እናትህ።

ሰውየውን ላብ አጠመቃቸው። «ማለቴ፣ ባለቤትዎ በሕይወት ያሉ እስኪመስልዎ ድረስ ስላሳሳትንዎ፣ በኩባንያው ስም ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ከዚያ ሁለቱም ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፉ። እንዳትስቅ፤ የምር ነው ያደረጉት። ቅሬታ ከመጣ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ ሌላ አያውቁም።

እናትህ ሣጥኑን አዩት፤ ከዚያ የሰውየውን ማጅራት አዩት። «ባሌን አጥቤ የገነዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አንተን እዚያ ያየሁህ አይመስለኝም።»

ቀጥለውም «ማን ነው ይህን የነገራችሁ?» አሉ።

«ልጅዎ ፕሮፌሰሩ ጽፈውልን ነው» አሉ ሰውየው፤ ነገሩ የሚቀልላቸው መስሏቸው። «ደግሞም በቅርቡ ካሚዮ ወዳለው መኖሪያ እንደሚገቡ ገልጸውልናል። እንኳን ደስ ያለዎት!»

እኔ መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት! እናትህ ወደ እኔ ዞሩ። አላፈጠጡብኝም፣ አልተቆጡኝም። ብቻ ተያየን። ከዚያ ወደ ሰውየው ተመልሰው «ልጄ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁ። ስለ ልጃቸው ጤና የሚጠይቁት የኩባንያ ሰው ነው፤ ገባህ? እኔን አልጠየቁኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡሩምባ የለም። ለነጂዎቹ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። ካጌያማ ጣቢያው ላይ ሲቆም ቀና ብሎ አያየኝም። ማታ ወደ እናትህ ብሄድ ማድ ቤቱ ጨለማ፣ ምድጃው ቀዝቃዛ። «እራት በልተዋል?» ብላቸው «አልራበኝም» አሉኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ከስተዋል። ሐዲዱንም አያዩም፣ ሰውም አያዩም።

አሁን እኔም ፈራሁ። ምናልባት አንተ ልክ ነህ፤ ምናልባት መኖሪያው ይሻላቸው ይሆናል። ግን እኔ በእጄ ዕቃቸውን አልሸክፍም። መጥተህ አንተው ሸክፍ።

ኪኑዬ


ሳን ፓውሎ፣ የካቲት 21 ቀን 1998

ለእትዬ ኪኑዬ፣

በጤና ቆዪልኝ።

እነዚያ ሰዎች ቂሎች ናቸው! ጡሩምባውን አቁሙ አልኩ እንጂ እናቴ ፊት ሄዳችሁ ተንበርከኩ አላልኩም። ጣፋጭ! አእምሮዋን አወክን ብሎ ጣፋጭ!

ስልክ ብደውል ታነሣዋለች፣ ድምፄን ስትሰማ «የረጅም ርቀት ጥሪ ውድ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ትበላ እንደሆነ ብቻ ጻፊልኝ። ምን እንደምትል ጻፊልኝ።

ዮሺሮ


ሳን ፓውሎ፣ መጋቢት 19 ቀን 1998

ለእትዬ ኪኑዬ፣

መልስሽ አልደረሰኝም። ፖስታው ዘግይቶ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ። ዘግይቶ አይደለም፣ አይደል?

በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻው ባቡር ይሄዳል። የመኖሪያው ሰዎች ክፍሉን እንልቀቀው ወይስ እንያዝልዎ እያሉ ይጠይቁኛል፤ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ስለ ክፍሉ አልጠይቅሽም። ስለ ዕቃውም አልጠይቅሽም። እናቴ እንዴት ናት? አንድ መስመር ይበቃኛል።

ዮሺሮ


ኡኖሳኪ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1998

ለልጄ ለዮሺሮ፣

ኪኑዬ ደብዳቤዎችህን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠቻቸው። «ከእንግዲህ በእናትና ልጅ መሀል አልቆምም» ብላኝ ሄደች። መነጽሬን አድርጌ ሁሉንም አነበብኳቸው። ጽሕፈትህ እንደ አባትህ ወደ ቀኝ ይዘማል።

ጤናህን ጠብቅ። እኔ ደህና ነኝ። እየበላሁ ነው።

ሳህኑን የማብሰው አቧራ ስለሚይዘው ነው። ሩዝ የምጥደው ማታ ስለሚርበኝ ነው። በአባትህ ፎቶ ፊት የማስቀምጠው እፍኝ ሩዝም፣ ለማንኛውም ሟች በየቤቱ የሚቀመጥ እፍኝ ነው፤ አንተም ለአባትህ ታስቀምጥ እንደሆነ ግን አልጻፍክልኝም። እነዚያ ሰዎች ከመጡ በኋላ እራት የተውኩት አዝኜ አይደለም። ተናድጄ ነው። ስናደድ አልበላም። አንተም በልጅነትህ እንደዚያው ነበርክ፤ ከማን ያመጣኸው መሰለህ?

በራፌ ላይ ቆሜ ምን እንደማይ ኪኑዬ ፈርታ አልጠየቀችኝም። የማየው የባቡሩን ኋላ መብራት ነው። በባሕሩ ዳር ቀይ ሆኖ ሲሄድ ያምራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የመጨረሻውን ባቡር ተሳፈርኩ። ከዋና ከተማ ካሜራ የተሸከመ ሰው ጎርፎ መጥቶ መቆሚያ አልነበረም። «አመሰግናለሁ! ደህና ሁን!» እያሉ ለባቡሩ ይጮኻሉ። አንዱን ወጣት «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አልኩት። «እማማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣቴ ነው» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። መሀረቤን ሰጠሁት።

ካጌያማ ሲያየኝ ሰዉን ገለል አድርጎ ከጀርባው፣ አንተ ትቆምበት የነበረው መስተዋት ጋ አቆመኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ሰዓት በዚያ በኩል መጥቼ አላውቅም። ጀንበር ስትጠልቅ እኔ ሁልጊዜ ማድ ቤት ነኝ። ወደ መታጠፊያው ስንቃረብ ልጁ ሳይዞር በቀስታ «እማማ፣ ልንፋ? ከእንግዲህ ምን ያደርጉኛል?» አለኝ።

«አትንፋ» አልኩት። «ቤት ማን አለና?»

ከዚያ ባቡሩ ዞረ። መብራት ሳላጠፋ ወጥቼ ኖሮ፣ ገና መታጠፊያው ሲጀምር ከሁሉ በፊት የታየኝ የማድ ቤቴ መስኮት ነው። ሐዲዱ ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ምድጃው ይታያል፣ የተሰቀለው ጭልፋ ሳይቀር ይታያል። እዚያ የቆመ ሰው ቢኖር ፊቱ ይለይ ነበር።

እኔ አባትህ «ሩዙን ጣጂ» እያለ የሚያዘኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያናድደኝ ነበር፤ ባሕር ዳር ያለው ሰው ሁሉ መቼ ሩዝ እንደምጥድ ያውቃል እያልኩ። ለካስ ምድጃው ጋ ቆሜ ያየኝ ነበር። እሳቱን እንደለኮስኩ ያውቅ ነበር። እንግዲህ ለምን ይነፋ ነበር? ያየውን ሰው ሰላም ሊል ነው እንጂ። ተቆጥቼ ጀርባዬን የሰጠሁበት ምሽት ስንት ይሆን? ይህን ጠይቄው ቢሆን በአንድ ቃል ይነግረኝ ነበር። አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሳልጠይቀው የሚናገር ሰው አልነበረም።

የመኖሪያውን ሰዎች ክፍሉን ልቀቁት በላቸው። ከዚህ ቤት አልወጣም። አውቶቡሱ ደጄ ላይ ይቆማል፤ ሐኪም ጋ ኪኑዬ ትወስደኛለች፤ ከመታጠቢያው ገንዳ ብቻዬን መውጣት ያቃተኝ ቀን ደግሞ ራሴ እነግርሃለሁ። ያኔ ወደፈለግክበት ውሰደኝ፣ አልከራከርህም።

እስከዚያ ግን ስለ እኔ ለኪኑዬ አትጻፍ፤ ለኩባንያም አትጻፍ። ለእኔ ጻፍ። ማንበብ እችላለሁ።

እናትህ፣ ሱዌ